ከገጹ ግርጌ የተወለዱ

ሰውየው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ሰፈሩ ግን ከረሳው ቆይቷል፤ ሁሉም «ጠብታ» ነው የሚለው። ሰው ቤት ምሳ ተጋብዞ ሌላው ሲጎርስ፣ እሱ ጆሮውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ አቅንቶ ይቀመጣል። አንድ ጠብ የሚል ነገር ከሰማ እህል በጉሮሮው አይወርድም፤ ተነስቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጎማዋን ቀይሮ ካልተመለሰ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሚስቱ ያገባሁት ባል ሳይሆን የመሣሪያ ሳጥን ነው ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም።

ታዲያ የሰው ሁሉ ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ጠብታ፣ የገዛ እናቱ ከማን እንደመጣች ሳያውቅ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላው። አትፍረዱበት። በልጅነቱ አንድ ጊዜ ጠይቆ «ሆድ ይፍጀው» ተብሏል፤ ልጅ ደግሞ አንዴ ከተባለ ይበቃዋል።

ነገሩን የቆሰቆሱት ሊቀመንበሩ ናቸው። እኚህ ሰው የእናቱ የአክስት ልጅ ሲሆኑ የቤተሰቡን ማኅበር ሃያ ሦስት ዓመት መርተዋል፤ ማን እንደመረጣቸው የሚያስታውስ የለም፣ እሳቸውም አይጠይቁም። የዘር ሐረግ የሚሉትን ሰፊ ወረቀት አዘጋጅተው፣ በመስታወት አስከድነው ለየዘመዱ ቤት አድለዋል። ከላይ ባለ ፈረሱ ቅድመ አያት ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ወዲህ ጀግና ጀግናን እየወለደ፣ ደግ ደግን እየወለደ እስከ ዛሬዎቹ ይወርዳል። በዚያ ሁሉ ሐረግ አንድ ሰነፍ አልበቀለም፤ የሰው ዶሮ የሰረቀ እንኳ የለም። ከየት አገኙት ቢሏቸው «ከአባቶች» ይላሉ። ከየትኞቹ አባቶች ብሎ የጠየቀ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበር አይወጣለትም።

የጠብታ እናት በዚያ ወረቀት ላይ ከቀኝ ጥግ አለች። የእናቷ ስም ተጽፏል። ከእሱ ጎን፣ የአባት ስም በሚቀመጥበት፣ አንዲት አጭር ሰረዝ ብቻ ናት ያለችው። ሌላ ምንም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ አዲሱን ረቂቅ በብብታቸው ይዘው ወደ ጠብታና እናቱ ቤት መጡ። ዘንድሮ በቀለም ሊያሳትሙት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ያቺን ሰረዝ ብንሰውራት ምን ይመስልሻል አሏት እናቱን። በአያቷ ስም እንደ ልጅ ብትገባ የሚከፋው የለም፤ ለቤተሰቡም ክብር ነው፣ ለእሷም እረፍት ነው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ደግ ያደረጉ መስሏቸው ነው።

እናቱ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ብዙ አየችው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው በስልክ ማዞሪያ ቤት ነው፤ የሰውን ሁሉ ዘመድ ስታገናኝ፣ «ይጠብቁ፣ አባትዎ መስመር ላይ ናቸው» ስትል ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራ ጡረታ ወጣች። ተቆጥታ አታውቅም። ያን ዕለትም አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላቸውና እንዳለ ይቆይ አለች፤ የኔ የምለው እሱ ነው፣ ሰረዝም ቢሆን።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጠብታ ብርጭቆ ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

«ልጄ፣ ስሙን አልፈልግም» አለችው። «ሀብት እንዳለው ዘመድ እንዳለውም አልጠየቅኩም። ጥሎኝ ነው ወይስ ሳይጥለኝ? እሱን ብቻ አውቄ ልሙት።»

ጠብታ ደነገጠ። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን ጥያቄ ይዛ ትኖር እንደነበር አላወቀም ነበር። እሱ የተረሳ ነገር ነው ብሎ ነበር እኮ! አገኝልሻለሁ አላት። ከየት እንደሚያገኘው ግን መላ አልነበረውም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የከተማው መዝገብ ቤት በር ላይ ቆሟል። የሊቀመንበሩን ሐረግ ከነመስታወቱ ተሸክሞ ነው የሄደው። ክፍሉ ረጅም ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ በሁሉም ጠረጴዛ ላይ የተቀረጸ እርሳስ፣ ግድግዳው ላይ «እስክሪብቶና እርጥብ ጃንጥላ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ የጨርቅ ጓንት ያጠለቀች፣ ምራቋን የዋጠች ሴት ተቀምጣለች። ኃላፊዋ እሷ ናት። ጠብታ መስታወቱን ባንኮኒው ላይ ቢያሳርፈው ገና ድምፁ ሳይጠፋ «ቀስ» አለች። ያን ቀን ብቻ አሥር ጊዜ ሳትለው አልቀረችም።

ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። የባለ ፈረሱን ቅድመ አያት መዝገብ አውጡልኝና ከእሳቸው ጀምሬ እወርዳለሁ፣ ስወርድ ስወርድ እናቴ ዘንድ ስደርስ የጎደለውን አገኘዋለሁ አላት። ሴትየዋ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ እንደሆነ፣ ሁሉም አንዱ ከሌላው የገለበጠው እንደሆነ፣ ባለ ፈረስ የሌለበት ግን እስካሁን እንዳልገጠማት ነገረችው። ከዚያ ሙያው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ።»

«ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ከየት ይጀምራሉ? ከምንጩ ነው ከቤቱ?»

«ከቤቱ ነዋ። ከቧንቧው አፍ።»

«እንግዲያው ምን አስቸገረዎት? ከራስዎ ይጀምሩ። ከእርስዎ ወደ እናትዎ፣ ከእናትዎ ወደ እናቷ። አንዱ መገጣጠሚያ ሳይጠብቅ ወደ ሌላው አይሂዱ።»

ጠብታ ሳቀ። እሷ ግን ስትስቅ አልታየችም። አንድ ባዶ ወረቀት ሳበችና መሐሉን በእርሳስ ሰንጥቃ፣ ከግራ «ያየ»፣ ከቀኝ «የሰማ» ብላ ጻፈችበት። ስለ እናትዎ ትውልድ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉ አለችው፤ እያንዳንዱን ማን እንደነገረዎት፣ የነገረዎት ሰው በዐይኑ አይቶ ይሁን ከሌላ ሰምቶ ይለዩ። መሳቢያም ይፈትሹ። አሮጌ ወረቀት ሁሉ፣ ደረሰኝም ቢሆን፣ አይጣል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰሙም?

ሰምቷል፤ ሙያው ነው። መስታወቱን ተሸክሞ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ለሦስት ቀን ከሥራ ሲመለስ ከእናቱ አጠገብ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። በሁለተኛው ቀን ነው ነገሩ ከአፏ የወጣው። እናቷ የሞተችው እሷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ያሳደጓት አያቶቿ ናቸው፤ በአያቷ ስም ተጠርታ፣ አያቷን አባዬ እያለች ነው ያደገችው። አባቷ ለመንገድ ሥራ የመጣ እንግዳ ነበር ሲባል አንድ ጊዜ ሰምታለች። ስሙ በዚያ ቤት አይጠራም ነበር፤ ለምን እንደማይጠራ አልጠየቀችም፤ አያቶቿም በተራቸው ሞቱ።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ስልክ ቤት ልቀጠር የልደት ወረቀት አምጪ ተባልኩ» አለችው። «ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ መጀመሪያ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ያን አስተያየቱን እስካሁን አልረሳሁትም።»

ተነስታ ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን አወጣች። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ሊለያይ ደርሷል። የአባት ስም፦ ሰረዝ። ያኔ አክስቷ አይታው «እንግዲህ ክዷት ነው የሄደው» አለች። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ ሁሉ ታሪክ ይኸው ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያ ወረቀት ስድሳ ሁለት ዓመት አልለቀቃትም።

ጠብታ ደብተሩን ሲያየው «የሰማ» የሚለው ሞልቶ ወደ ሁለተኛ ገጽ ዞሯል። «ያየ» የሚለው ባዶ ነው። ለሊቀመንበሩ ደውሎ ካደ ያለዎት ማን ነው አላቸው። አክስታችን አሉት። አክስት በምን አወቁ? በወረቀቱ። ወረቀቱስ በምን አወቀ? ሊቀመንበሩ ወረቀት ወረቀት ነው፣ ምን ትጠይቀዋለህ ብለው ተቆጡ። የወረቀቱን ግርጌ ግን ማንም አላነበበውም ነበር፦ «ከመዝገብ ቁጥር ሦስት፣ ገጽ አርባ አንድ፣ ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት ተገልብጦ የተሰጠ» ይላል።

አርብ ዕለት የመዝገብ ቤቷ ሴት መዝገብ ቁጥር ሦስትን አምጥታ በትራስ ላይ አስቀመጠችለት። ትልቅ ነው፤ አንዱ መስመር ከግራው ገጽ ተነስቶ እስከ ቀኙ ገጽ ጫፍ ይሄዳል፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የሕፃኑ ስም፣ የእናት ስም፣ በመጨረሻ የአባት ስም። በየገጹ ሃያ አራት መስመር። ጽሕፈቱ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ሰው እጅ ነው፣ ያማረ። ገጽ አርባ አንድን ገለጠ። በጣቱ ቆጥሮ ሃያ ሁለት ላይ ደረሰ። የእናቱ ስም አለ። የአያቱ ስም አለ። ከዚያ ሰረዝ።

ሌላ ምን ሊጠብቅ ኖሯል! ግን ሰው ነው፤ ተስፋ አድርጎ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ለእማዬ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ ባልጀመርኩት ይሻል ነበር እያለ ነው። ሴትየዋ ሩቅ ሆና እርሳስ ትቀርጻለች፤ እንዲህ ፊቱን የያዘ ሰው አይታ ስለምታውቅ አልተጠጋችም።

ሊዘጋው ሲል ዐይኑ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ። ሃያ አንድ፣ ሰረዝ። ሃያ፣ ሰረዝ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ ሰረዝ። ከሃያ በላይ ግን ሁሉም አባት አለው። አይ ምስኪኖች፣ ብቻዋን አይደለችም አለ በሆዱ። ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። እዚያም ከታች አምስት ሰረዝ። ቀጥሎ ስድስት። ወደ ኋላ ተመልሶ ገጽ ሠላሳ ስምንትን አየ፤ ሦስት። ሠላሳ አራት ላይ አንድ፣ የመጨረሻው መስመር ብቻ። ከዚያ በፊት አንድም የለም።

ጠብታ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ይህን ነገር ያውቀዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በየሰው ቤት ግድግዳ ላይ ያየው ነገር ነው፤ ውሃ አይዘልም፣ አንድ ጣት አንድ ጣት እያለ ነው የሚወጣው።

«እመቤት» አለ፣ ድምፁ ከሚገባው በላይ ወጥቶ። «ይቅርታዎን፣ አንዴ ይምጡልኝ።»

«ቀስ» እያለች መጣች።

«አባት የሌላቸው ልጆች ሁሉ ከገጹ ግርጌ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚወለዱት?»

አልገባትም። ጓንት የለበሰ እጇን በአክብሮት እየጠበቀ፣ እሷ ትገልጣለች እሱ ይቆጥራል። መዝገቡ ወደ ጀርባው በሄደ ቁጥር ሰረዙ አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ገጽ ሃምሳ ላይ አሥር ደርሷል። ሃምሳ አራት ላይ ከአባት ስም አልፎ ወደ እናት ስም ገባ። ሃምሳ ስምንተኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር ላይ ተራ ቁጥርና ቀን ብቻ ቀርቶ የሕፃኑም ስም ሰረዝ ነው።

«ይኸ ደግሞ አባት የለውም፣ እናት የለውም፣ እሱ ራሱም የለም» አለ ጠብታ። «ታዲያ ማን ተወለደ ብለው ነው የመዘገቡት? ይኸ የሰው ጉዳይ አይደለም፣ የውሃ ነው። ይኸኛው ደረቅ ነው፤ ከዚህ በፊት ግን ሌላ መዝገብ ነበረ። በጀርባው ተኝቶ ከታች ከቀኝ ጥግ ውሃ ገባበት።»

 ሴትየዋ ወደ መዝገቡ የመጀመሪያ ገጾች ገልጣ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ በጣቷ አንድ መስመር አሳየችው። የአባት ስም በሚለው ሥር «አልተገለጸም» ተብሎ በሙሉ ቃል ተጽፏል። አባቱ በእርግጥ ላልተነገረለት ልጅ ጸሐፊው የሚጽፈው ቃል ነበረው ማለት ነው። ሰረዝ አይደለም። ከዚያ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለችውን፣ ማንም ገልጦ የማያያትን የመጀመሪያዋን ቅጠል ገለጠች። አራት መስመር ጽሑፍ አለ፤ ያው ያማረ እጅ። ይህ መዝገብ በእርጥበት ከተጎዳው ዋናው መዝገብ ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር የተገለበጠ መሆኑን፣ «ሊነበብ ያልቻለውም ሁሉ በሰረዝ መተካቱን» ይገልጻል። ቀንና ፊርማ አለው።

ልብ ካላየ ዐይን አያይም። ሃያ አንድ ዓመት በዚህ ክፍል ስትሠራ ይህን መዝገብ ስንት መቶ ጊዜ አውጥታዋለች፤ ግን ሰው ሁሉ በቀኑ ገልጦ የራሱን መስመር ያያል እንጂ መጀመሪያውን ማን ያነባል? መነጽሯን አውልቃ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ስንት ሰው ነው ከዚህ ባንኮኒ ያን ሰረዝ ይዞ የወጣው» አለች። «እኔ ነኝ እኮ ጽፌ የሰጠሁት።»

ጠብታ አንጀቱን በላችው። እርስዎ አይደሉም፣ ከእርስዎም በፊት የነበሩት ሲጽፉ ኖረዋል ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ፤ አልጽናናም አለች። ይልቅ ተነስታ መክፈቻዎቿን ከመሳቢያ አወጣች። ዋናው መዝገብ ካልተቃጠለ ምድር ቤት ነው ያለው። ምድር ቤቱ ግን ከክረምት ጀምሮ ውሃ ያፈሳል፤ ለጥገና ሦስት ደብዳቤ ጽፋ አንድም ሰው አልመጣም፤ ወለሉ ስለሚያዳልጥ ተዘግቷል።

ይህን ለጠብታ መንገር ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም። ሰውየው የመሣሪያ ሳጥኑን ከመኪናው አምጥቶ ከእሷ በፊት ደረጃውን ወርዶ ነበር። ከጣራው ሥር የሚያልፈው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያለቅሳል። ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘጋ፣ ፈታ፣ አዲስ ጎማ አስገባ፣ መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። ፀጥ ሲል ነው «አሁን እንፈልግ» ያለው፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መዝገቡ ከብረት መደርደሪያው የላይኛው መደብ ላይ ነበር፤ አንድ የጥንት አስተዋይ ከወለል አንስቶ ሰቅሎታል። ሽፋኑ አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ አብጧል። ወደ ላይ አውጥተው ከመስኮቱ ሥር ገለጡት። ገጽ አርባ አንድ። ከቀኝ ጥግ ተነስቶ የወጣው ቡናማ ወዝ ልክ ጠብታ እንዳለው ነው፣ አንድ ጣት እንኳ አልሳተም። መስመር ሃያ ሁለት፦ የእናቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ ከዚያ ሰማያዊ ደመና። ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ሄዷል። አንድ ፊደል እንኳ አልተረፈም። ከብርሃን ላይ ያዙት፣ አጎነበሱበት፣ በማጉያ መስታወት አዩት፤ የለም። ውሃው በልቶታል።

«ተጽፎ ነበር» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። «ባዶ አልነበረም።»

ጠብታ ራሱን ነቀነቀ። ደስ ሊለው ይገባል፤ ግን ደመና ለእናቱ ይዞ አይሄድም። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው፤ ስሙን እኮ አያትም ሊያስመዘግቡ ይችላሉ፣ እናትም ልታስጽፍ ትችላለች፤ ሰውየው በሌለበት።

ያኔ ነው ሁለቱም ያዩት። ግልባጩ ላይ ያልነበረ አንድ ዓምድ በዋናው መዝገብ ጫፍ ላይ አለ። ርእሱ በማተሚያ ስለታተመ ውሃው አልነካውም፦ «የአባት ፊርማ ወይም አሻራ»። ከላይ ባሉት መስመሮች ፊርማ አለ። ሃያ አንድ ላይ ፊርማው ቀልጦ ሰማያዊ ሆኗል። ሃያ ሦስት ባዶ ነው። ሃያ ሁለት ላይ፣ ከዚያ ሁሉ እርጥበት መሐል፣ አንድ ሰፊ የአውራ ጣት አሻራ ጥቁር እንደሆነ ተቀምጧል። ዳር ላይ ትንሽ ጠባሳ የመሰለ ነጭ መስመር አለው። ትናንት የተረገጠ ይመስላል።

የማኅተም ቀለም ዘይት አለው፤ ዘይትና ውሃ ደግሞ አይስማሙም። ይህን ለጠብታ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ያ ያማረ እጅ ያለው ገልባጭ ስም ይገለብጣል፣ ቀን ይገለብጣል፤ አሻራ ግን እንዴት ይገልብጥ? ዓምዱን ጭራሽ አላሰመረውም። ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው ዋናውን አላየም ማለት ነው።

ጠብታ አለቀሰ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ሸብቷል፤ የመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለቀሰ። ሴትየዋ ቀስ አላለችውም። መዝገቡን ብቻ እንባ እንዳይነካው ወደ እሷ ሳብ አደረገችው።

ማታውን ሊቀመንበሩ በስልክ ሰምተው በጣም ደስ አላቸው፤ ደስታቸው እንደ ልማዳቸው ወዲያው ሥራ ጀመረ። ስሙ ካልተነበበ አንድ ጥሩ ስም ብንሰጠው ምን ይለናል አሉ፤ ወረቀቱም ይሞላል፣ እሷም ደስ ይላታል፣ እንዲያውም ከባለ ፈረሱ ወገን አንድ ለመንገድ ሥራ የሄደ ሰው እንደነበር አሁን ትዝ አላቸው።

«ጋሼ» አለ ጠብታ፣ «ያላየሁትን አልጽፍም፤ እርስዎም እባክዎ አይጻፉብን።»

ተቀየሙ። ሁለት ቀን ተቀይመው ሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደውለው፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ አሉ፣ እንደ ተማሪ። ይህ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሆኖ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጠብታ እናቱን ይዟት ሄደ። የነገራት ወረቀት አግኝተናል ብሎ ብቻ ነው፤ የቀረውን በዐይኗ እንድታየው ፈልጎ ነው። ስልክ ቤት የምትለብሰውን ግራጫ ኮቷን ለብሳለች። እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባለች። የመዝገብ ቤቷ ሴት ከራሷ ወንበር ላይ ትራስ አንስታ አመቻቸችላትና «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለቻት። ገጹ ላይ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ አንጥፋበታለች።

እናቱ መነጽሯን አድርጋ ርእሶቹን አንድ በአንድ እንዲያነብላት ጠየቀች። አነበበላት። ስሟን በጣቷ ተከተለች፤ ከስሟ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ ሰማያዊው ደመና። እዚያ ላይ ጠብታ ቶሎ ብሎ፣ ስሙን ውሃ ወስዶታል እማዬ፣ አልተገኘም አላት።

«ስሙን መቼ ጠየቅኩህ?» አለችው፤ ጣቷም ሄደ።

የመጨረሻውን ርእስ አንብቦ መጨረስ አቃተው፤ ሴትየዋ ናት የጨረሰችለት። የአባት ፊርማ ወይም አሻራ። እናቱ አሻራውን አየችው።  ከዚያ አውራ ጣቷን አንስታ ፕላስቲኩ ላይ፣ ልክ በእሱ ላይ አሳረፈችው። የእሷ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋን ጥቁሩ ይታያል።

«መጥቶ ነበር» አለች። «እዚህ ድረስ መጥቶ፣ የኔ ናት ብሎ ሄዷል።»

በኋላ ምን ሆነ? ለምን ሄደ፣ ማን አባረረው፣ የት ሞተ? አይታወቅም፤ ጠብታ ገና ይፈልጋል፣ የመንገድ ሠራተኞች መዝገብ ሌላ ከተማ አለ ተብሏል። ያን ዕለት ግን ማንም አልጠየቀም። እናቱ ደብተሩን አምጣ አለችው። «ያየ» በሚለው ባዶ ዓምድ ሥር በእርሳስ፣ በራሷ እጅ ስሟን ጻፈች።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ሃያ አንድ ዓመት አንድ ደቂቃ ሳታዛንፍ የምትዘጋውን በር ረስታዋለች። እናቱ ጣቷን መልሳ አሻራው ላይ አሳርፋለች። ወደ ልጇ ዞር አለች።

«ይህ ቀለም በውሃ አይለቅም ማለት ነው?»

«አይለቅም እማዬ። በሳሙና ቢያሹትም ቀናት ይፈጃል።»

«እንግዲያው» አለች፣ «ስንት ቀን በእጁ ይዞኝ ዞሯል።»